መናኸሪያው ሳይደርስ ሰፈሩን ማቀድ፦ ለጎጃም ከተሞች የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

አዲስ መናኸሪያ ሊሠራ ነው የሚል ወሬ ከተማ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው ዶዘር አይደለም። ደላላ ነው። ቦታው ገና በወረቀት ላይ እያለ በዙሪያው ያለው መሬት ዋጋው ይሰቀላል። በሌሊት ጨረቃ ቤት ይቆማል። የነበረው አጥርም ቀስ እያለ ወደ መንገዱ ይገፋል። ማዘጋጃ ቤቱ ፕላን ይዞ ብቅ ሲል የሚያቅደው ነገር አልቆ የሚያፈርሰው ብቻ ይጠብቀዋል።

ይህ መመሪያ ከወሬውና ከዶዘሩ መካከል ላለችው አጭር ጊዜ ነው። የጻፍኩት ለማዘጋጃ ቤት ባለሙያ፣ ለቀበሌ ኮሚቴ፣ ለእድር ዳኛ፣ እንዲሁም መሬቱ በፕላኑ ውስጥ ለገባበት ገበሬ ነው። ደጀን ላይ ወጥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን፣ እንጅባራን፣ ዳንግላንና መራዊን እያገናኘ ያልፋል። ሁሉም የሚኖሩት በመንገዱ ነው። መናኸሪያቸው ሲቀየር የከተማው ሆድ አብሮ ይቀየራል።

ጎጃም ውስጥ ቀላል ባቡር የለም። በብሔራዊው የባቡር መረብ ዕቅድ ላይ ከፍኖተ ሰላም በባሕር ዳር አድርጎ ወደ ወልድያ የሚሄድ መስመር ሰፍሯል፤ እሱም ገና ወረቀት ነው። ይሁን እንጂ በጣቢያ ዙሪያ ሰፈር እንዴት እንደሚያድግ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ከባቡር ጣቢያዎች ነው። አዲስ አበባም በ2008 ዓ.ም ሥራ በጀመረው ቀላል ባቡሯ በ34 ኪሎ ሜትር ላይ 39 ጣቢያ ዘርግታ ብዙ አስተምራናለች። ደግ ደጉንም ክፉ ክፉውንም።

አንድ ልዩነት ግን ከመጀመሪያው ይታወቅ። ሐዲድ ነቅሎ የሚሄድ የለም። ስለዚህ ባለሀብቱ አምኖ አጠገቡ ይገነባል። መናኸሪያ ግን በአንድ ስብሰባ ውሳኔ ሊዛወር ይችላል፤ ያየ ያውቀዋል። ስለዚህ ሰፈሩ ከተጓዡ ሌላ የሚኖርበት ምክንያት እንዲኖረው አድርጋችሁ አቅዱ። ትምህርት ቤት፣ ገበያ፣ ጤና ጣቢያ፣ የኪራይ ቤት። መናኸሪያው ነገ ቢነሳ እንኳ ሰፈሩ ሰፈር ሆኖ ይቅር።

አንደኛ፦ ቦታው ገና ካልተቆረጠ ተከራከሩ

ብዙ ከተማ መናኸሪያውን የሚያወጣው ዳር ላይ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እዚያ መሬት ሰፊ ነው፣ ካሳውም ይቀላል። መሃል ከተማው ተጨናንቋል የሚለው ክርክርም እውነትነት አለው። ችግሩ ወጪው አይጠፋም፤ ከማዘጋጃ ቤቱ ኪስ ወደ ተጓዡ ኪስ ይዛወራል እንጂ። ዶሮና እንቁላል ይዘው ከገጠር የመጡ እናት ከአውቶቡስ ወርደው እስከ ገበያው ለባጃጅ የሚከፍሉት ከሚሸጡት ላይ የሚቀነስ ነው።

ስለዚህ ስብሰባ ላይ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ይሁን፦ ሸክም ያለበት ሰው ከመናኸሪያው እስከ ገበያው በእግሩ ይደርሳል? መልሱ አይደርስም ከሆነ ወይ ቦታው ይቅረብ፣ ወይ ደግሞ ሁለተኛ የገበያ ቦታ በአዲሱ መናኸሪያ አጠገብ በፕላኑ ላይ ይያዝ። ሁለቱም ካልተቻለ በከተማው ውስጥ የሚዞር የሚኒባስ መስመር ከመናኸሪያው ምርቃት ጋር በአንድ ቀን ይጀምር። በሚቀጥለው ዓመት እናስብበታለን የሚል መልስ አትቀበሉ።

ቦታው አስቀድሞ ተወስኖ ከሆነ ወደሚቀጥለው እለፉ። በተቆረጠ ነገር ላይ ወር ማባከን ለደላላው ጊዜ መስጠት ነው።

ሁለተኛ፦ ካርታ ሳትስሉ በእግራችሁ ሂዱ

የጣቢያ አካባቢ ዕቅድ የሚለካው በእግር ነው። ሰው ሳይማረር የሚሄደው 400 ሜትር አካባቢ ነው፤ አምስት ደቂቃ ገደማ። ቁርጥ ካለ 800 ሜትር ይሄዳል፤ አሥር ደቂቃ። ከመናኸሪያው መግቢያ ተነስታችሁ ሁለት ክብ ሳሉ። ትንሹ ክብ 50 ሄክታር ያህል ይይዛል፣ ትልቁ 200 ሄክታር። አንዳንድ ከተማ ላይ ትልቁ ክብ የከተማውን ግማሽ ሊውጥ ይችላል። አትደንግጡ፤ ጥብቅ ዕቅድ የሚያስፈልገው ለትንሹ ነው። ለትልቁ ዋና ዋና መንገዶቹን ብቻ ያዙ።

ክቡ ግን ይዋሻል። በወረቀት ላይ 300 ሜትር የሚርቅ ቤት በመሃል ወንዝ ወይም ረጅም የግቢ አጥር ካለ በእውነተኛው እግር አንድ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህን የሚያሳየው እግር ብቻ ነው። ሦስት አራት ሆናችሁ በየአቅጣጫው ከመግቢያው ውጡ። በስልክ ሰዓት ያዙ። አምስት ደቂቃ ሲሞላ ቁሙና ቦታውን በካርታው ላይ ምልክት አድርጉ፤ አሥር ሲሞላም እንዲሁ። ምልክቶቹን ስታገናኙ የሚወጣው ቅርጽ ክብ አይሆንም። አንድ በኩል ተጎርዶ፣ ሌላ በኩል ሾሎ ታገኙታላችሁ። የተጎረደበት ቦታ ነው ሥራችሁ። እዚያ የእግረኛ ድልድይ ወይም በሁለት ግቢ መሃል የሚያሳልፍ ቀጭን መንገድ ብትከፍቱ በትንሽ ገንዘብ ስንት ቤት ለመናኸሪያው ታቀርባላችሁ።

ይህን ጉዞ በአንድ ቀን አትጨርሱት። የገበያ ቀን ሂዱ፤ ተራ ቀን ሂዱ። ከሁሉም በላይ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ሂዱ። የረጅም መንገድ አውቶቡስ የሚወጣው ያኔ ነው። መብራት የሌለበትን ቅያስ፣ ውሻ የሚያስፈራበትን ጥግ፣ ሴት ተማሪ ብቻዋን የማታልፍበትን ቦታ ቀን ላይ ቢሮ ተቀምጣችሁ አታገኙትም። ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ያለባቸው ከተሞች ናቸው። በመግቢያና በመውጫ ሰሞን ሻንጣ የሚጎትተው ወጣት ብዛት ለብቻው የሚያሳስብ ነው።

ክረምት ላይም አንድ ጊዜ ሂዱ። በሐምሌ የአዊ ደጋ ዝናብ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግርም። በጋ ላይ አማላይ የሆነው አቋራጭ ክረምት ላይ ጭቃ ሆኖ ጫማ ይነጥቃል። ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚተኛ በካርታው ላይ ጻፉ። ይህ መስመር በኋላ የቦያችሁ መስመር ነው።

በመጨረሻ ሰው በምን እንደሚመጣ ቁጠሩ። በእግር፣ በጋሪ፣ በባጃጅ፣ በሚኒባስ፣ በቤት መኪና። ሁለት ተማሪ ደብተር ይዘው አሁን ባለው መናኸሪያ በር ላይ ቢቆሙ በቂ ነው። ቁጥሩ እጃችሁ ላይ ሲኖር በኋላ አንድ ባለሥልጣን ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ይሁንልኝ ሲል ስንቱ ሰው በመኪና እንደሚመጣ ታሳዩታላችሁ። አብዛኛው በእግር እንደሚመጣ ከወዲሁ መናገር እችላለሁ፤ ግን እኔ ስላልኩ ሳይሆን ስለቆጠራችሁ ይመኑ።

ሦስተኛ፦ መሬቱ የማን እንደሆነ እወቁ

በትንሹ ክብ ውስጥ ያለውን መሬት አንድ በአንድ መዝግቡ። ነባር ይዞታ፣ ሊዝ፣ የመንግሥት ባዶ ቦታ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ፣ የወል ግጦሽ፣ የባሕር ዛፍ ጓሮ፣ የገበሬ ማሳ። ምንጭና መቃብር ካለም ይጻፍ። እነዚህን ካርታ ላይ ያላወጣ ፕላን መስክ ላይ ሲወርድ ሽማግሌ ያቆመዋል፤ ማቆማቸውም ልክ ነው።

በከተማ ዳር የሚሠራ መናኸሪያ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሚያርፈው በገበሬ ማሳ ላይ ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንነጋገር። ለሕዝብ ጥቅም መሬት የሚለቀቅበትን ሥርዓት የሚገዛው ዐዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። ዐዋጁ በመርሕ ደረጃ ተነሺው መሬቱን ከማስረከቡ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ እንዲወያይ ያዛል። ካሳ እንዲከፈል፣ ተነሺውም መልሶ እንዲቋቋም ይላል። በኋላ ማሻሻያ ስለ ወጣለት፣ ክልሉም የራሱ ደንብና መመሪያ ስላለው አሁን የሚሠራበትን ጽሑፍ ከመሬት አስተዳደር ቢሮ አስወጥታችሁ በእጃችሁ ያዙ። በአፍ የተነገረ ሕግ ይዛችሁ ስብሰባ አትግቡ።

ሕጉ የሚጠይቀው ትንሹን ነው። ካሳ ተቀብሎ የተነሳ ገበሬ ገንዘቡን በአንድ ሁለት ዓመት ጨርሶ በቀድሞ ማሳው ላይ ዘበኛ ሆኖ ሲቀጠር ማየት በየከተማው የተለመደ ነው። ስለዚህ ፕላኑ ላይ ከወዲሁ ለተነሺዎች ቦታ ያዙ። መኖሪያ ቦታ ብቻ አይደለም። በመናኸሪያው መውጫ መንገድ ላይ፣ ሰው በሚያልፍበት በኩል፣ የጋራ የሱቅ ሕንፃ የሚሠሩበት ቦታ። ተነሺዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ኪራዩን ይካፈሉታል። መሬቱ የሰጠው እህል ቢቀር የሚሰጠው ኪራይ ይኑር። ከኋላ ያለ ጥግ ሰጥቶ ሰጠናቸው ማለት ደግሞ ማላገጥ ነው።

ተከራዩንም አትርሱ። ካሳ ሲወራ ስሙ የሚነሳው ባለይዞታው ነው። በግቢው ውስጥ ክፍል ተከራይታ ጠላ የምትሸጠው ሴት በየትኛውም ዝርዝር ላይ ላትገኝ ትችላለች። ምዝገባው ላይ ለተከራይ አንድ ዓምድ ጨምሩ፤ ማን እንደሚኖር፣ በምን እንደሚተዳደር። ይህ ዓምድ በስድስተኛው ደረጃ ላይ ያስፈልጋችኋል።

ምዝገባው ሲያልቅ አንድ ቀን ቆርጣችሁ አካባቢውን በጂፒኤስና በፎቶ አስቀሩት። ከዚያ ቀን ወዲህ የተሠራ ነገር ካሳ እንደማይታሰብለት በቀበሌ ሰሌዳና በእድር ስብሰባ አሳውቁ። ይህ ካልተደረገ በወር ውስጥ ባዶው ማሳ ሁሉ ቆርቆሮ ይለብሳል።

አራተኛ፦ መንገዱን ቀድማችሁ ትከሉ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። ሕንፃ ይፈርሳል፣ ይታደሳል፣ ፎቅ ይጨመርበታል። የመንገድ መስመር ግን አንዴ ከተያዘ ልጅ ልጅ ድረስ አይነቃነቅም። ገንዘብ ከሌላችሁ አስፋልቱን ተዉት፣ ኮብልስቶኑን ተዉት፣ መብራቱንም ለጊዜው ተዉት። የመንገዱን ወርድ ግን በኮንክሪት ችካል ምልክት አድርጋችሁ ያዙ። የቅየሳ ባለሙያ፣ ሲሚንቶና የቀን ሠራተኛ ነው የሚፈልገው፤ የትኛውም ማዘጋጃ ቤት ይችለዋል።

መስመሩን ስትጥሉ አራት ነገር ተመልከቱ።

የቅያሱ ርዝመት አጭር ይሁን። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 80 ወይም 100 ሜትር ይበቃል። እግረኛ የሚጠላው መዞርን ነው። 300 ሜትር የሚረዝም ግድግዳ ካለ ሰው አጥር ቀዶ ያልፋል።

ወርዱ እንደ ሥራው ይለያይ። ወደ መናኸሪያው ለሚያስገባው ዋና መንገድ 20 ሜትር አካባቢ፣ ለመካከለኛው 12 እስከ 15፣ ለውስጥ መንገድ 8 ወይም 10 እላለሁ። ሁሉንም 20 ማድረግ መሬት ማባከን ነው። በዋናው ላይ ግን ቢያንስ 3 ሜትር በየጎኑ ለእግረኛ ይያዝ፤ ሸክም የያዙ ሁለት ሰዎች ሳይጋጩ የሚተላለፉበት። በአገር ደረጃ የሚታወቀው ከመሬቱ 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ የሚለው ድልድል አለ። ስትከፋፍሉ በዚህ ፈትሹት።

መንገዶቹ ሁሉ ወደ መናኸሪያው ይመልከቱ፤ መናኸሪያውም ወደ እነሱ። አንድ በር ብቻ ያለው፣ ዙሪያውን በግንብ የታጠረ መናኸሪያ ከጀርባው ያለውን ሰፈር ይገድለዋል። አውቶቡስ በአንድ በር ይግባ፣ ይውጣ። ለሰው ግን ሦስት አራት በር ይኑር። የጥበቃ ሠራተኛ ይበዛብናል የሚል ክርክር ይመጣባችኋል። ማታ ማታ ይዘጉ፤ ቀን ግን ክፍት ይሁኑ።

አዲስ አበባ ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ናት። ባቡሩ በመሬት ላይ በሚሄድባቸው ሰፈሮች ሐዲዱ ከነመከለያው ማዶና ማዶውን ለያየው። ጎረቤት ለጎረቤት ለመድረስ መሻገሪያ ፍለጋ ረጅም መንገድ መሄድ ግድ ሆነ። ባቡሩ መጓጓዣ ሰጥቷል፤ መንገዱን ማቋረጥ ግን ነስቷል። ከጎጃም ከተሞች ጋር ምን አገናኘው? አውራ ጎዳናው ነዋ። መናኸሪያው ከአውራ ጎዳናው አንድ በኩል፣ ከተማው ሌላ በኩል ከሆነ በየቀኑ የሚያቋርጠው ሕዝብ ከጭነት መኪና ጋር ይፋጠጣል። ስለዚህ መሻገሪያው በፕላኑ ላይ ከመናኸሪያው እኩል ይሳል። ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ በመሃል ቆሞ መተንፈሻ ደሴት፣ መብራት። በጎዳናው ላይ የሚሰቀል የእግረኛ ድልድይ ብዙ አታስቡ፤ ሽማግሌና ነፍሰ ጡር ደረጃ አይወጡም፣ ወጣቱም ከሥር ነው የሚሮጠው።

አራተኛው ውሃ ነው። ቀድማችሁ የጻፋችሁትን የክረምት ውሃ መስመር አውጡና ቦዩን ከመንገዱ ጋር አብራችሁ ትከሉ። ውሃው በተፈጥሮ የሚወርድበትን ቦታ ለሊዝ አታውጡ። አረንጓዴ አድርጋችሁ ተዉት፤ ዛፍ ይተከልበት፣ በበጋ ልጆች ኳስ ይጫወቱበት።

የወደፊቱን ባቡር ካሰባችሁ ደግሞ በክልሉ ፕላን ላይ መስመሩ በከተማችሁ በኩል የሚያልፍ መሆኑን ጠይቁ። የሚያልፍ ከሆነ መናኸሪያውና ጣቢያው በእግር የሚገናኙበትን ቦታ ክፍት ተዉ።

አምስተኛ፦ የት ምን ይሠራ፣ ምን ያህል ይጠጋጋ

የብራዚሏ ኩሪቲባ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በአውሮፓ አቆጣጠር የአውቶቡስ መስመሮቿን ተከትላ ከፍ ያለ ሕንፃ የፈቀደችው በመስመሮቹ ጎን ብቻ ነው። ከመስመሩ ራቅ ሲባል ሕንፃው ዝቅ ይላል። ባቡር ሳትገዛ በአውቶቡስ ብቻ ከተማዋን ቅርጽ አስያዘች። ለእኛ ዋናው ቁም ነገር ጥግግት ለሁሉም ቦታ አይታደልም የሚለው ነው።

ከመናኸሪያው እስከ 200 ሜትር ድረስ፣ በዋናው መንገድ ፊት ለፊት፣ ሱቅ ከታች፣ መኖሪያ ወይም አልጋ ከላይ የሆነ ሕንፃ ግዴታ ይሁን። ጂ ፕላስ ሁለት ወይም ሦስት ለአብዛኛው ከተማ ይበቃል። ቦታውን በትንሽ በትንሽ ቁረጡት። 1,000 ካሬ ለአንድ ባለሀብት ሰጥቶ አሥር ዓመት ታጥሮ ሣር ሲያበቅል ከማየት ለአምስት ነጋዴ 200 200 ካሬ መስጠት ይሻላል። ከ200 ሜትር እስከ 400 ያለው ለተከራይ ክፍሎችና ለጋራ መኖሪያ ይሁን። ቡሬ ላይ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፤ ሠራተኛው በእግሩ መኪና የሚይዝበት ቦታ መኖር ይፈልጋል።

በመናኸሪያው ጥግ መሆን የሌለባቸውም አሉ። ነዳጅ ማደያ፣ ጋራዥ፣ የመኪና እጥበት፣ ትልቅ መጋዘን። ሰፊ ቦታ ይይዛሉ፣ እግረኛ አያስተናግዱም። ከተማው ያስፈልጉታል፤ አውራ ጎዳናው ላይ ወጣ ብለው ይቀመጡ። የጭነት መኪና ማደሪያም እንዲሁ። ከአዊ ከሰልና ድንች፣ ከምሥራቅ ጎጃም ጤፍ የጫነ አይሱዙ ሌሊት መናኸሪያ ጥግ ላይ ከተደረደረ ንጋት ላይ አውቶቡስ መውጫ ያጣል።

አንድ ማንም የማያነሳው ገደብ አለ፤ ሽንት ቤት። ከተማችን የፍሳሽ መስመር ከሌለው የሕንፃው ከፍታ የሚወሰነው በአርክቴክቱ ሳይሆን በጉድጓዱ ነው። 200 ካሬ ላይ ሦስት ፎቅ አልጋ ቤት ከተሠራ ፍሳሹ የት ይገባል? ጉድጓዱ ጎረቤት ምንጭ ውስጥ ይዘልቃል። ስለዚህ በአንድ ቅያስ ላሉ ሕንፃዎች የጋራ የፍሳሽ ማጠራቀሚያና የቦቴ መኪና መግቢያ ቦታ በፕላኑ ላይ ያዙ። ያን ካልቻላችሁ ፎቁን ቀንሱ።

ስድስተኛ፦ ጉልቱ፣ ጋሪው፣ ባጃጁ

መናኸሪያ ባለበት ሁሉ ጉልት አለ። ሙዝ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቡና በረከቦት። ፕላን ያልሰጣቸው ራሳቸው ቦታ ይይዛሉ፤ የሚይዙትም እግረኛ መንገዱን ነው። ደንብ አስከባሪ ያባርራቸዋል፣ ከሰዓት ይመለሳሉ። ይህ ጨዋታ ማለቂያ የለውም። ይልቅ ተሳፋሪው በሚያልፍበት መስመር ላይ ጣሪያ ያለው፣ ወለሉ የተነጠፈ፣ ውሃ ቧንቧ የቀረበለት የጉልት ረድፍ ሥሩ። ከመንገዱ ወደ ውስጥ 20 ሜትር ካራቃችሁት ባዶ ይቀራል፤ ገዢ ፈልጎ አይሄድም። በሦስተኛው ደረጃ ላይ የመዘገባችኋቸው ተከራዮች፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ቅድሚያ ያግኙ።

የፈረስ ጋሪ በሚሠራበት ከተማ ጋሪው ቦታ ይፈልጋል። ኋላ ቀር ነው ተብሎ ከፕላን ሲወጣ አይጠፋም፤ መንገድ ዘግቶ ይቆማል። ጥላ፣ የውሃ ገንዳና ፋንድያው የሚጠረግበት ቦታ ስጡት። ባጃጅ ከሰው መውጫ በር ጎን እንጂ ከበሩ ፊት አይቁም። የቤት መኪና ማቆሚያ የመጨረሻው ይሁን፤ ቁጥሩን ስለቆጠራችሁ ምን ያህል እንደሚበቃ ታውቃላችሁ። ተራ አስከባሪዎቹን ደግሞ ዲዛይኑ ሳያልቅ ጥሯቸው። የትኛው መኪና የት ሲቆም ጠብ እንደሚነሳ ከመሃንዲሱ በላይ እነሱ ያውቃሉ።

መጸዳጃ ቤት ከአውቶቡስ መቆሚያው ቀድሞ ይሠራ። መወጣጫዎቹ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያሳልፉ ይሁኑ። እዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ሰባተኛ፦ ገንዘቡ

መናኸሪያው ሲመጣ የመሬት ዋጋ ይጨምራል። ያን ጭማሪ ያመጣው የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ከፊሉ ለሕዝብ ይመለስ። በእኛ አገር ለዚህ ያለው ቀላሉ መንገድ ሊዝ ነው።

ስህተቱ ሁሉንም ቦታ መናኸሪያው ሳይከፈት በአንድ ጨረታ ማውጣት ነው። ያኔ ዋጋው ገና ዝቅ ያለ ነው፤ ትርፉ ሁሉ ለመጀመሪያው ገዢ ይሆናል። በሦስት ዙር ክፈሉት። በመጀመሪያው ዙር ለመንገድና ለቦይ የሚበቃ ገንዘብ የሚያስገኙ ጥቂት ቦታዎች ይውጡ። ሁለተኛው ዙር መናኸሪያው ሥራ ከጀመረ በኋላ ይሁን። የማዕዘን ቦታዎች፣ በተለይ ከዋናው በር ፊት ለፊት ያሉት፣ እስከ መጨረሻው ይቆዩ። አንዱን ደግሞ ጭራሽ አትሽጡት፤ ለከተማው ይቅር። ነገ ክሊኒክ ወይም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲፈለግ ቦታ የለም እንዳትሉ።

ውሉ ላይ የግንባታ መጀመሪያና ማጠናቀቂያ ቀን ይጻፍ፤ ካልተፈጸመም ይነጠቅ። ይህ ሕጉ ላይ ያለ ነው። የሚጎድለው ዘመድም ቢሆን የሚነጥቅ ሰው ነው።

ስምንተኛ፦ ወረቀቱን ሕጋዊ አድርጉት

በከተማ ፕላን ዐዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራው የአካባቢ ልማት ፕላን ነው። ከተማው ካለው መዋቅራዊ ፕላን፣ ሰው ማስተር ፕላን ከሚለው፣ ጋር መስማማት አለበት። መዋቅራዊ ፕላኑ ዕድሜው 10 ዓመት ነው፤ ጊዜው አልፎበት ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አለበለዚያ የናንተ ሥራ መቆሚያ ያጣል።

ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ ይወያይበት። በአዳራሽ ፕሮጀክተር አብርቶ ጥያቄ ካለ ማለት ውይይት አይባልም። ካርታውን በትልቅ ወረቀት አትማችሁ በእድር ቀን ውሰዱት። ቤቱን የሚፈልግ ሰው ጣቱን ጭኖ እስኪያገኘው ጠብቁ። ቤቴ የት ነው ብሎ ያገኘ ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀው ጥያቄ ከማንኛውም አማካሪ ድርጅት ጥያቄ ይበልጣል። የተባለውን ጻፉ፤ የተቀበላችሁትንም ያልተቀበላችሁትንም ከነምክንያቱ በቀበሌ ሰሌዳ ለጥፉ።

ሲጸድቅ ካርታው በመሬት አስተዳደር፣ በግንባታ ፈቃድና በደንብ ማስከበር ቢሮዎች ግድግዳ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይሰቀል። ሦስቱ ቢሮ ሦስት የተለያየ ካርታ ይዘው ሲከራከሩ ጨረቃ ቤቱ ጣሪያ ይለብሳል።

ዘጠነኛ፦ የድሮውን መናኸሪያ አትርሱ

አዲሱ ሲመረቅ ሁሉም ፊቱን ያዞራል። የድሮው ዙሪያ ያሉ ምግብ ቤቶች፣ አልጋ ቤቶችና ሱቆች ግን በአንድ ሌሊት ደንበኛ ያጣሉ። እነሱም ግብር የከፈሉ ናቸው።

ዝውውሩን በደረጃ አድርጉት። መጀመሪያ የረጅም መንገድ አውቶቡሶች ይሂዱ። የአጎራባች ወረዳ ሚኒባሶች አንድ ሁለት ዓመት በድሮው ይቆዩ፤ ገበያ የሚወጣው ገጠሬ የሚጠቀመው እነሱን ነውና። በሁለቱ መሃል የሚመላለስ የከተማ ሚኒባስ ታፔላው ተለይቶ ይመደብ። የድሮው ግቢ ቢያንስ ግማሹ ለከተማ ታክሲ ተራና ለገበያ ይቅር። ጠቅላላውን ለአንድ የገበያ ማዕከል ገንቢ መስጠት የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ያኔ በሦስተኛው ደረጃ ያደረጋችሁትን ምዝገባ እዚህም ድገሙት፤ ማን እዚያ እንደሚኖር፣ በምን እንደሚተዳደር ሳይታወቅ ጨረታ አይውጣ።

ከምርቃቱ በኋላ በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ዝናቡ ሲያቆም፣ ያንኑ የእግር ጉዞ ድገሙት። ችካሎቹ በቦታቸው መሆናቸውን እዩ። የተነቀለ ካለ በዚያው ሳምንት ይተከል፤ መስመሩ ላይ የወጣ አጥር ካለ ግድግዳ ሳይሆን ገና እንጨት እያለ ባለቤቱን ከእድር ዳኛው ጋር ሆናችሁ አነጋግሩት።